«ዘንድሮ ምን ገና አለ?»

የገናው ጾም ሲጋመስ በሰሜን ወሎዋ መርሳ ገበያ ላይ ይህን መስማት ብርቅ አይደለም። የዶሮ ዋጋ ጠይቆ የሚያልፈውም፣ በርበሬ የምታስመዝነዋም ይሉታል፦ «ዘንድሮ ደሞ ምን ገና አለ ብለሽ ነው እቴ!» ዶሮው፣ ጠላውና የልጆቹ ልብስ ካልተሟላ በዓሉም የለም ማለት ነው። ገና የሞላለት ሰው በዓል ነው የሚለው አመለካከት ከሁሉም ሥር የሰደደ ይመስለኛል። ከሰሜን ወሎ ሰው አፍ ሲወጣ ግን ይገርመኛል።

ወንጌሉን እንየው። ሉቃስ እንደጻፈው፣ ዮሴፍና ማርያም በቄሳር ትእዛዝ ለመመዝገብ ከናዝሬት ወደ ቤተ ልሔም የሄዱ መንገደኞች ናቸው፤ ማረፊያ አጥተው ሕፃኑን በግርግም አስተኙት። ማቴዎስ ደግሞ ሄሮድስን ሸሽተው በሌሊት ወደ ግብፅ መሰደዳቸውን ይነግረናል። ይህን መርሳ ላለችበት ለሀብሩ ወረዳ ሰው ማብራራት አያስፈልግም። ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖች እዚያው ወረዳው ውስጥ ጃራ መጠለያ ሲኖሩ አይቷል። በ2013 ክረምት ደግሞ ብዙው ራሱ ልጁን አዝሎ የደሴን መንገድ ተያይዞታል።

ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 መጀመሪያ ድረስ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበረች፤ መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ባንክ የለም። እነርሱ ከለቀቁ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ታኅሣሥ 29 ደረሰ። ቀኑ ዓርብ ነበር። ልደትና ጥምቀት ረቡዕና ዓርብ ቢውሉ እንኳ ስለማይጾም በሥርዓቱ የሚፈሰክበት ቀን ነው፤ በምን ይፈሰክ የሚለው ጥያቄ ግን የእያንዳንዱ ጓዳ ነበር። ጾሙ የገባው ኅዳር 15 ነው። ብዙው ሰው ግን ከዚያ በፊትም ሳይወድ ጾሞ ሰንብቷል።

ያን ቀን ሰው ለሰው ሲገናኝ የሚለው ያው የዘወትሩ ነው፦ «እንኳን አደረሰህ»፣ «እንኳን አብሮ አደረሰን»። ቃሉን ስለለመድነው አንሰማውም እንጂ ስለ ድግስ አንዲት ነገር የለበትም። የሚያወራው ስለ መድረስ ነው፤ መንገድ ላይ ስላልቀረ ሰው። በዓሉ የደረሱት ሰዎች በዓል ነው ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም፤ «አብሮ» የምትለዋ ቃል በየቤቱ የጎደለውን እያስታወሰች ብታምም እንኳ።

ሌላው ስሕተት ደግሞ የዋህ ነው፦ በገና ጥይት ይቆማል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1914 በምዕራብ አውሮፓ ግንባር የእንግሊዝና የጀርመን ወታደሮች ከምሽጋቸው ወጥተው እጅ ለእጅ መጨባበጣቸው እውነት ነው። አዛዦቻቸው ግን አላዘዙትም፤ ጦርነቱም እስከ 1918 ቀጠለ። እኛስ? ወልድያ «እንኳን አደረሰን» ባለችበት በዚያው ዓርብ ሌሊት ትግራይ ውስጥ ደደቢት ላይ ድሮን የተፈናቃዮችን መጠለያ መትቶ ከ50 በላይ ሰዎች ገድሏል። እነርሱም ገናን የሚያከብሩ ነበሩ። ከ2015 ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣውም ውጊያ የበዓል ቀን ብሎ አልተመለሰም። ተኩስ እስኪቆም ተስፋውን ቀጠሮ የሰጠ ሰው፣ እንግዲህ፣ ስንት ገና አለፈው።

«ላሊበላ ካልሄዱማ ምኑን ልደት ሆነ» የሚሉም አሉ። የመርሳና የወልድያ ሰው በድልብ አድርጎ ወደ ጋሸና፣ ከዚያም ወደ ላሊበላ መጓዙን ይወዳል፤ በቤተ ማርያም ቤዛ ኩሉ ሲባል አንዴ የቆመ ሰው አይረሳውም። መንገድ ሲዘጋ ግን ልደት አይዘጋም። ቅዳሴው በየደብሩ በዚያው ሌሊት ነው።

ሰፋ አድርጌ ልናገርበት የምፈልገው ግን ተስፋን እንደ አየር ጠባይ የሚያየውን አመለካከት ነው፦ ወይ ይመጣል፣ ወይ አይመጣም፤ እኛ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። ወሎ ለዚህ መልስ የሚሆን ቃል አላት። ሐዘን ቤትም፣ ሰብል ያጣ ገበሬ ዘንድም፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚላት «አብሽር»። ለሴት «አብሽሪ»፣ ለብዙ «አብሽሩ»። ቃሉ ዐረብኛ ነው፣ የምሥራች ስማ እንደ ማለት፤ ከግእዙ «ብሥራት» ጋርም ሥሩ አንድ ነው። ቤተ ክርስቲያን ታኅሣሥ 22 ብሥራትን አክብራ በሳምንቱ ልደትን ታከብራለች። መልአኩ በሌሊት መንጋ ሲጠብቁ ለነበሩት እረኞች መጀመሪያ የነገራቸው እንዳይፈሩ ነው፤ በወሎኛ «አብሽሩ» አላቸው። አብሽር ሌላው ሰው የሚልህ ቃል ነው፤ ለራስ ብቻ ተብሎ አያውቅም።

ለዚህ ነው ገና የክርስቲያኑ ጉዳይ ብቻ ነው የሚለውን የማልቀበለው። ሃይማኖቱን እያከበርኩ ነው ይህን የምለው፤ ልደትን የሚያምነው ክርስቲያኑ ነው። ሀብሩ ላይ ግን የበዓሉ ቀን ሙስሊም ጎረቤት ይጠራል፤ ሥጋው ስለማይገናኝ ለእርሱ የሚሆነውን ራሱ እንዲያርደው ለብቻ ይሰጠዋል። በኢድ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ችግር ሲመጣ «አብሽር» የሚለው ይኸው ጎረቤት ነው።

ወልድያ፣ መርሳ ወይም ሀብሩ ገጠር ዘመድ ያላችሁ፣ በገና ቀን ጠዋት ደውሉ። ኔትወርኩ እምቢ ካለ ማታ ሞክሩ። በሰፈራችሁ ቤቱን ጥሎ የመጣ ሰው ካለ ደግሞ ዶሮ ባይኖርም ቡናው ሲፈላ ጥሩት።