ትልቅ የአክሮባት ሞዴል አውሮፕላን ሲመረጥ ምን መታየት አለበት?

በሬዲዮ የሚመራ ሞዴል አውሮፕላን ሲባል በብዙዎች አእምሮ የሚመጣው የልጆች መጫወቻ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ የሞዴል በረራ ማኅበራት ሜዳ ላይ የሚታዩት ትልልቅ የአክሮባት ሞዴሎች ግን ከመጫወቻነት የራቁ ናቸው። ክንፋቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ2 ሜትር ተኩል የሚበልጥ፣ ክብደታቸው 12 ኪሎ ግራም የሚደርስ፣ ሞተራቸውም ከትንሽ ሞተር ሳይክል ሞተር ጋር የሚስተካከል አሉ። እንዲህ ያለውን ሞዴል ከነሙሉ ዕቃው ለማሟላት በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃል። ምርጫው ከተሳሳተ ይህ ሁሉ ገንዘብ በአንድ በረራ ሊጠፋ፣ ከዚያም አልፎ የሰው አካል ሊጎዳ ይችላል።

አብዛኞቹ ሞዴሎች የእውነተኛ አክሮባት አውሮፕላኖች ቅጂ ናቸው። ጀርመናዊው ዋልተር ኤክስትራ የነደፈው ኤክስትራ 300፣ የአሜሪካው ኤጅ 540 እና የሩሲያው ያክ 54 በብዛት ከሚቀዱት መካከል ይገኙበታል። ክንፋቸው ከላይም ከታችም አንድ ዓይነት ቅርጽ ስላለው ተገልብጠው እንደ ቀጥታው ይበራሉ። ለማስተማሪያ የሚሠራ ሞዴል አብራሪው እጁን ሲያነሳ ራሱን ወደ ማቅናት ያዘነብላል፤ የአክሮባት ሞዴል ግን ባዘነበለበት ይቀጥላል። ስለዚህ ለጀማሪ አይሆንም። በማስተማሪያ፣ ቀጥሎም በትንሽ የአክሮባት ሞዴል እጁን ያፍታታ ሰው ብቻ ወደ ትልቁ ቢሸጋገር ይመረጣል።

ቀዳሚው ጥያቄ የበረራው ዓላማ ነው። አንዳንዱ አብራሪ የተወሰነ የትርዒት ቅደም ተከተልን በቀጥተኛ መስመርና በተስተካከለ ክብ ማሳየት ይሻል። ለዚህ መስመሩን የሚጠብቅ ሞዴል ያስፈልገዋል። ሌላው ደግሞ አውሮፕላኑን አፍንጫውን ወደ ሰማይ አድርጎ በፕሮፔለሩ ጉልበት ብቻ አየር ላይ ማቆም ይወዳል። ለዚህኛው የሞተሩ የመሳብ ኃይል ከአውሮፕላኑ ክብደት መብለጥ አለበት፤ አካሉም ቀላል፣ በክንፉና በጭራው ላይ የሚታጠፉት መቆጣጠሪያዎችም ሰፋፊ ሊሆኑ ይገባል።

ሁለተኛው መጠን ነው። በተለምዶ ባለ 30 ሲሲ ሞዴል ወደ 1 ሜትር ከ90 ሴንቲ ሜትር፣ ባለ 60 ሲሲ ወደ 2 ሜትር ከ20፣ ባለ 100 ሲሲ ደግሞ ወደ 2 ሜትር ከ60 የክንፍ ርዝመት ይኖረዋል። ትልቁ በነፋስ ብዙም አይናወጥም፤ ከሩቅም በደንብ ይታያል። ነገር ግን ሰፊ ሜዳ፣ ትልቅ መኪናና ውድ መለዋወጫ ይጠይቃል። ክንፎቹ ከካርቦን ቱቦ ላይ ተነቅለው ቢወጡም አካሉ መኪናው ውስጥ መግባቱን ከግዢ በፊት ለክቶ ማረጋገጥ ብልህነት ነው።

ሦስተኛው የኃይል ምንጩ ነው። የቤንዚን ሞተሩ እንደ እንጨት መቁረጫ መጋዝ ሞተር ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን ይጠቀማል፤ ነዳጅ እየተሞላ በቀን ብዙ ጊዜ ሊበር ይችላል። ሆኖም ንዝረቱና ድምፁ ከፍተኛ ነው። የኤሌክትሪኩ ጸጥ ያለና ንጹሕ ሲሆን፣ ለአንድ በረራ የሚበቃው ባትሪ ውድ ነው። የሊቲየም ባትሪ በአደጋ ከተጎዳ በእሳት ሊያያዝ ስለሚችል ደረቅ ሣር ባለበት ስፍራ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል።

ብዙ ገዢዎች የሚዘነጉት ሰርቮ የተባሉትን መቆጣጠሪያውን የሚያንቀሳቅሱ ትንንሽ ሞተሮች ነው። በአካሉና በሞተሩ ላይ ገንዘቡን ጨርሶ ደካማ ሰርቮ የሚገጥም ሰው አውሮፕላኑ በፍጥነት ሲወርድ መቆጣጠሪያው የአየሩን ግፊት መቋቋም ያቅተዋል። መቀበያው ሬዲዮም አንዱ ሲከሽፍ ሌላው እንዲተካ ሁለት ባትሪ ቢኖረው ይበጃል። የሬዲዮ ግንኙነት ሲቋረጥ ሞተሩ በራሱ እንዲቀዘቅዝ ወይም እንዲጠፋ አስቀድሞ መስተካከል አለበት።

ደጋ ላይ ለሚያበርሩ ሌላ ነገር ይጨመራል። አየር በከፍታ እየሳሳ ይሄዳል። ወደ 1 ሺህ 600 ሜትር ከፍታ ላይ በምትገኘውና በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት የአሜሪካዋ ዴንቨር የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠለል ወደ 15 በመቶ ገደማ ያንሳል። ወደ 1 ሺህ 800 ሜትር ላይ ባለችው ባሕር ዳር ደግሞ ልዩነቱ 16 በመቶ አካባቢ ነው። በዚህ ከፍታ የቤንዚን ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ አውሮፕላኑም ለመነሳትና ለማረፍ የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። በባሕር ጠለል በጉልበቱ የተመሰከረለት ሞዴል ደጋ ላይ ሊያንስ ይችላልና ቀለል ያለ አካል ከጠንካራ ሞተር ጋር መምረጥ ይገባል።

ሕጉም ከምርጫው አይለይም። በአሜሪካ ከ250 ግራም በላይ የሚመዝን ሞዴል የሚያበርር ሰው መመዝገብ፣ የደኅንነት ፈተና መውሰድና አውሮፕላኑን ከዓይኑ ሳያርቅ ማብረር ግዴታው ነው። በኢትዮጵያ ያለ አብራሪ የሚበሩ ቁሳቁሶችን ለማስገባትም ሆነ ለማብረር ቅድመ ፈቃድ ያስፈልጋል። በውጭ ያለ ዘመድ ለወንድሙ ወይም ለልጁ እንዲህ ያለ ስጦታ ለመላክ ካሰበ፣ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ፈቃዱን ማጣራት ይኖርበታል።

ያገለገለ ሞዴል የሚገዛ ሰው የክንፉን መያዣ፣ የሞተሩን መቀመጫና የማረፊያ እግሩን ሥር በጥንቃቄ ሊመረምር ይገባል፤ ከባድ ማረፍ ያስከተለው ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚደበቀው በእነዚህ ቦታዎች ነው። ከመጀመሪያው በረራ በፊትም የክብደቱ ማዕከል አምራቹ ባመለከተው ነጥብ ላይ መዋሉ ይፈተሻል። ወደ ኋላ ያደላ ሚዛን የተዋጣለትን አብራሪ እንኳ ያሸንፋል። ሞተሩ ሲነሳ ማንም በፕሮፔለሩ ፊትም ሆነ ጎን መቆም የለበትም፤ በሰው፣ በከብትና በቤት ላይም ማብረር አይገባም። በመጨረሻም ጥሩ ምርጫ የሚባለው ትልቁ ወይም ውዱ ሞዴል ሳይሆን፣ ለአብራሪው ችሎታ፣ ለሜዳውና ለኪሱ የሚመጥነው ነው።