ለላፕቶፕ ተጨማሪ ራም መምረጥና መግጠም፦ ከግዢ በፊት የሚለካ፣ ከገጠማ በኋላ የሚፈተሽ

መግቢያ

የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የዳሰሳ መረጃ የሚያደራጁት፣ ስታትስቲክስ የሚያሰሉትና የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚያዘጋጁት በአብዛኛው በአንድ ላፕቶፕ ነው። ላፕቶፑ ሲንቀራፈፍ ቀድሞ የሚሰጠው ምክር “ራም ጨምርበት” የሚል ነው። ምክሩ ብዙ ጊዜ ትክክል ቢሆንም ሁልጊዜ አይሠራም። ሳይጣራ የተገዛ ራም ገንዘብ ያባክናል፤ ጉድለት ያለበት ራም ደግሞ የጥናቱን መረጃ ሳይታወቅ ሊያበላሽ ይችላል። ይህ ጽሑፍ ከግዢ በፊት የሚለካውን፣ በምርጫ ጊዜ የሚታየውንና ከገጠማ በኋላ የሚፈተሸውን በቅደም ተከተል ያብራራል።

ችግሩ የራም እጥረት ነውን?

ራም ኮምፒውተሩ በሥራ ላይ ያሉ ፕሮግራሞችንና መረጃዎችን የሚይዝበት ጊዜያዊ ማስታወሻ ነው። ሲሞላ ስርዓተ ክወናው ትርፉን ወደ ዲስክ ያሸጋግራል። ከራም አንድ መረጃ ለማግኘት 100 ናኖ ሰከንድ ገደማ ሲበቃ፣ ከሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ለማግኘት ግን 10 ሚሊ ሰከንድ ገደማ፣ ማለትም 100,000 እጥፍ ጊዜ ይወስዳል። መንቀራፈፉ የሚመነጨው ከዚህ ልዩነት ነው።

የሚያስፈልገውን መጠን አስቀድሞ ማስላት ይቻላል። አር የተባለው የስታትስቲክስ ፕሮግራም በተለመደው አሠራሩ መረጃውን በሙሉ ራም ላይ ያስቀምጣል፤ እያንዳንዱ አስርዮሽ ቁጥርም 8 ባይት ይይዛል። በመሆኑም 5 ሚሊዮን ረድፍና 40 ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ 1.6 ጊጋ ባይት ይፈልጋል። በትንተናው መካከል ሁለት ተጨማሪ ቅጂዎች ቢፈጠሩ ፍላጎቱ ወደ 5 ጊጋ ባይት ይጠጋል። ስርዓተ ክወናውና የድረ ገጽ ማሰሻው የሚይዙት ሲደመርበት 4 ጊጋ ባይት አይበቃም፣ 8 ጊጋ ባይት ይጠባል፣ 16 ጊጋ ባይት ግን በቂ ይሆናል።

በዊንዶውስ 10 እና 11 ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ ቁልፎችን በአንድነት በመጫን የሚከፈተው ታስክ ማናጀር የራሙን አጠቃቀም ያሳያል። በተለመደው ሥራ ወቅት ራሙ ሊሞላ ከተቃረበ መጨመሩ ተገቢ ነው። ግማሹ ባዶ ሆኖ ሃርድ ዲስኩ 100 በመቶ የሚጨናነቅ ከሆነ ግን ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መተካት ይሻላል።

ተስማሚውን መምረጥ

ቀዳሚው ጥያቄ ላፕቶፑ ራም ይጨመርበታል ወይ የሚለው ነው። ስማቸው የሚቀራረብ ሞዴሎች በዚህ ረገድ ይለያያሉ። የሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 ሁለት የራም መክተቻዎች አሉት። ቲ480ኤስ አንዱ ራም ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ሲሆን ተጨማሪ መክተቻው አንድ ብቻ ነው። ኤክስ1 ካርቦን ደግሞ ራሙ በሙሉ የተበየደ ስለሆነ ሊጨመርበት አይችልም። ስለዚህ ትክክለኛውን የሞዴል ስም ይዞ የአምራቹን መመሪያ መመልከት ያስፈልጋል፤ የሚፈቀደው ከፍተኛ መጠንም እዚያው ይገኛል።

ቀጥሎ የሚታየው ትውልዱ ነው። የላፕቶፕ ራም ሶዲም ይባላል። ዲዲአር3 ሶዲም 204 ፒኖች ሲኖሩት በ1.5 ቮልት ይሠራል፤ ዲዲአር3ኤል የተባለው ዓይነት በ1.35 ቮልት ይሠራል። ዲዲአር4 ሶዲም 260 ፒኖችና 1.2 ቮልት፣ ዲዲአር5 ሶዲም ደግሞ 262 ፒኖችና 1.1 ቮልት አላቸው። በፒኖቹ መካከል ያለው ክፍተት በየትውልዱ ቦታው ስለሚለያይ አንዱ በሌላው መክተቻ አይገባም። ዲዲአር3 እና ዲዲአር3ኤል ግን ቅርጻቸው አንድ ስለሆነ በቀላሉ ይምታታሉ፤ 1.35 ቮልት ብቻ በሚቀበል ላፕቶፕ ላይ መደበኛው ዲዲአር3 ሊሠራ አይችልም።

ፍጥነታቸው የተለያየ ሁለት ራሞች አብረው ሲሠሩ ሁለቱም በዝግተኛው ፍጥነት ይሄዳሉ። በመሆኑም ለፈጣኑ ተጨማሪ ዋጋ መክፈል አያዋጣም። መጠናቸው እኩል የሆኑ ሁለት ራሞች ግን ጥቅም አላቸው፤ ባለ 2400 ዲዲአር4 ለብቻው በሰከንድ እስከ 19.2 ጊጋ ባይት ሲያስተላልፍ፣ ሁለቱ በጥምረት እስከ 38.4 ጊጋ ባይት ያስተላልፋሉ።

አገጣጠም

ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ ማጥፋትና ቻርጀሩን መንቀል ይቀድማል። ብሎኖቹ በካቻቢቴ ተፈትተው ክዳኑ ሲነሳ የባትሪው ገመድ ከማዘርቦርዱ ይነቀላል። ሰው የማይሰማው ስታቲክ ኤሌክትሪክ እንኳ ራምን ሊጎዳ ስለሚችል አስቀድሞ ቀለም ያልተቀባ ብረት መንካት፣ ራሙንም በጠርዙ ብቻ መያዝ ይገባል። ራሙ ወደ 30 ዲግሪ ገደማ ዘንበል ብሎ መክተቻው ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ የጎንና የጎን መያዣዎቹ “ቀጭ” እስኪሉ ወደ ታች ይጫናል። አልገባ ካለ አቅጣጫውን ማየት እንጂ ማስገደድ አይገባም። ከገጠማ በኋላ የመጀመሪያው አነሳስ ከወትሮው ሊዘገይ ይችላል።

ሊዘለል የማይገባው ፍተሻ

ላፕቶፑ መነሳቱና አዲሱን መጠን ማሳየቱ ብቻ ራሙ ጤነኛ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም። አብዛኞቹ ላፕቶፖች የራም ስሕተት የሚያርም ሥርዓት የላቸውም። ለምሳሌ በሙሉ ቁጥር መልክ 18 ተብሎ የተመዘገበ ዕድሜ አንድ ቢት ብቻ ቢገለበጥበት 82 ሊሆን ይችላል። የማስጠንቀቂያ መልእክት ላይመጣ ይችላል፤ ፋይሉ ሲቀመጥም ስሕተቱ አብሮ ይቀመጣል። በመሆኑም በዊንዶውስ ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ ወይም ከፍላሽ በሚነሳው ሜምቴስት86 ቢያንስ አንድ ሙሉ ዙር መፈተሽ፣ ጊዜ ካለም ሌሊቱን ሙሉ ማስኬድ ይገባል። አንድ ስሕተት እንኳ ከታየ ራሞቹን አንድ በአንድ በመፈተሽ ጉድለት ያለበትን ለይቶ መመለስ ያስፈልጋል፤ በተለይ ያገለገለ ራም ሲገዛ የመመለስ ስምምነቱ ከክፍያው በፊት ሊደረግ ይገባል።

ማጠቃለያ

ራም መጨመር ላፕቶፕ ሳይቀየር አቅሙን የሚያሳድግ ጠቃሚ መንገድ ነው። ይሁንና መንቀራፈፉ ከራም እጥረት መምጣቱ፣ ሞዴሉ ጭማሪ መቀበሉና ትውልዱ መመሳሰሉ ሊረጋገጥ ይገባል። ራሙ በፍተሻ ጤነኝነቱ እስኪታወቅ ድረስም የጥናቱን ዋና መረጃ በሌላ ቦታ ቀድቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።