ሕግ በዳማ ሰሌዳ ላይ

ዛሬ ማታ የዳማ ሰሌዳችሁን ለሌላ ሥራ እንዋሰው። 20 የቢራና 20 የለስላሳ ቆርኪ በፌስታል አደባልቁ፤ ሳታዩ አንድ በአንድ እያወጣችሁ በ64ቱ ቤቶች ላይ በትኗቸው። 24 ቤት ባዶ ይቀራል።

ሕጉ አንድ ነው፦ በዙሪያው ካሉት ጎረቤቶች ቢያንስ ሲሶው የራሱ ዓይነት የሆነለት ቆርኪ ይቀመጣል። ያልሆነለት ወደሚመቸው ቅርብ ባዶ ቤት ይዛወራል። አብዛኛው ጎረቤቱ ሌላ ዓይነት ቢሆን ቅር የማይለው ሰው ክፉ አይባልም።

በሉ አዛውሩ። ስድስት ጎረቤት ያለው የቢራ ቆርኪ ፈልጉ፤ ከስድስቱ አንዱ ብቻ ቢራ ከሆነ ይነሣል። ጥሎት የሄደው ቢራ ደግሞ አሁን ሲሶው ሊጎድልበትና እሱም ሊከተል ይችላል። ጥቂት ዙር ስትሄዱ ቢራው ከቢራ፣ ለስላሳው ከለስላሳ ተከማችቶ ታገኙታላችሁ። ያዘዘው ማንም የለም።

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ቶማስ ሼሊንግ ይህንን በሳንቲም ሞክሮ እ.ኤ.አ. በ1971 አሳተመው። አገሩ በ1968 በዘር ምክንያት ቤት አልሸጥም፣ አላከራይም ማለትን በሕግ ከልክላ ነበር። ሰሌዳችን ላይ ያ ሕግ ሙሉ በሙሉ ተከብሯል፤ ባዶ ቤት የተከለከለ ቆርኪ የለም፤ ግን ተለያዩ። (በእውነተኞቹ የአሜሪካ ከተሞች ባንኩም መንግሥቱም ጥቁሮችን ከብዙ ሰፈሮች አግደው ነበር። ቆርኪ ያንን አያሳይም።)

እንግዲህ ሕጉን እንለውጠው። ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ በመንግሥት በተሠሩ መኖሪያ ሕንፃዎች ለየብሔረሰቡ የድርሻ ጣሪያ አበጅታለች። እናንተም ሰሌዳውን አራት ቦታ ክፈሉት፤ አንድ ዓይነት ቆርኪ 7 የደረሰበት ሩብ ከዚያ ዓይነት አዲስ አይቀበል፣ ያሉትን ግን አያስወጣ። ቆርኪዎቹን እንደገና በትናችሁ ተጫወቱ፤ ምን ያህል እንደተከማቹ ብቻ ሳይሆን ስንት ቅሬታኛ መሄጃ እንዳጣም ቁጠሩ። ሲንጋፖርም ውስጥ የብዙኃኑ ጣሪያ በሞላበት ሕንፃ ከአናሳዎቹ ወገን የሆነ ሻጭ ለብዙኃኑ መሸጥ ስለማይችል ገዢ ያጥረዋል።

ሕግ የሚሞከርበት ኮምፒውተርም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ቆርኪውን ሺህ ያደርገዋል፤ አንድ ጨዋታ በአጋጣሚ ሊያዳላ ስለሚችልም እየበተነ ደጋግሞ ይጫወታል። ሕግ አርቃቂው ሕጉ በአዋጅ ከመውጣቱ በፊት ማን መሄጃ እንደሚያጣ ያያል፤ መቀራረቡ ይሻላል ወይስ የመሸጥ ነፃነቱ የሚለውን ግን ራሱ ይወስን።

ቀጥሎ ሲሶውን ወደ ግማሽ ከፍ አድርጉት። ቡና ጥዳችሁ ጀምሩ፤ ማዛወሩ ቶሎ አያልቅም።