ሴፕሲስና የቲ ሕዋሳት ፍሬን

ከጭሮ ወደ ቦርደዴ ቆላ የሚወርድ የጭነት መኪና ሕይወቱ በፍሬኑ ላይ ናት። ፍሬኑ እምቢ ካለ ገደል ይጠብቀዋል፤ ይዞ አልለቅም ካለ ደግሞ ሞተሩ ደኅና ቢሆንም ካለበት አይነቃነቅም። እኛ የፊዚክስ መምህራን ፍጥነትን እየለካ መልሶ ራሱን የሚገታ አሠራር ሁሉ ይማርከናል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በሰው ደም ውስጥ የሚገኘውን እንዲህ ያለ ፍሬን ነው።

በቦርደዴ አንዲት እናት በወለደች በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ያዛት እንበል። ብርድ ብርድ ይላታል፤ ትንፋሿ ይፈጥናል፤ ሽንቷ ይቀንሳል፤ ንግግሯም ይዘበራረቃል። ይህ በተለምዶ «የደም መመረዝ» የሚባለው ሴፕሲስ ሊሆን ይችላል። ስያሜው ግን ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ዓለም አቀፍ ብያኔ መሠረት ሴፕሲስ ማለት ሰውነት ለኢንፌክሽን የሚሰጠው ምላሽ ሚዛኑን ስቶ የራሱን የአካል ክፍሎች ሲጎዳ የሚፈጠር ለሕይወት አስጊ ሁኔታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በዓለም ላይ 48.9 ሚሊዮን ሰዎች በሴፕሲስ እንደተያዙና ከዚሁ ጋር በተያያዘ 11 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ተገምቷል።

የምላሹ አንዱ መሪ ቲ ሕዋስ የተባለው ነጭ የደም ሕዋስ ነው። ይህ ሕዋስ የተሕዋስያንን ቁራጭ ከሚያሳየው ሌላ ሕዋስ ጋር በ15 ናኖሜትር ያህል ርቀት ተጠግቶ ይነጋገራል። አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ቲ ሕዋሱ ለውጊያ የሚነሣው ሁለት ምልክቶች ሲደርሱት ነው፤ አንዱ የጠላት ማንነት ሲሆን ሁለተኛው ሲዲ28 በተባለው ፕሮቲን በኩል የሚገባው ማረጋገጫ ነው።

ተመራማሪዎች «የኬላ ፕሮቲኖች» የሚሏቸው እዚህ ላይ ይገባሉ። ሲቲኤልኤ-4 ከሲዲ28 ይልቅ አጥብቆ የሚይዝ በመሆኑ ማረጋገጫውን ይሻማል። እ.ኤ.አ. በ1992 በጃፓን ኪዮቶ በታሱኩ ሆንጆ ቤተ ሙከራ የተገኘው ፒዲ-1 ደግሞ ፒዲ-ኤል1 የተባለውን ጓደኛውን ሲያገኝ በሕዋሱ ውስጥ ምልክቱን የሚያጠፋ ኢንዛይም ይጠራል። ፍሬኑ አስፈላጊ ለመሆኑ ማስረጃ አለ፤ ሲቲኤልኤ-4 የሌላቸው አይጦች በገዛ ሕዋሳቶቻቸው መብዛት በተወለዱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሞታሉ።

ምላሹ ሲበዛ ምን እንደሚሆን በአገራችን ታይቷል። በቅማል የሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳት በፔኒሲሊን ሲታከም ተሕዋስያኑ በአንድ ጊዜ ይፈራርሱና በሽተኛውን ብርቱ መንቀጥቀጥ ያናውጠዋል። ዶክተር ዳንኤል ፈቃደና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ ቲኤንኤፍ የተባለውን የእብጠት መልእክተኛ የሚያግድ መድኃኒት አስቀድመው ከወሰዱት 20 ሕሙማን 10ሩ፣ ካልወሰዱት 29 ግን 26ቱ በዚህ ማዕበል ተመትተዋል። ማዕበሉን መግታት እንደሚቻል ይህ ያሳያል።

ታዲያ ተመሳሳይ መድኃኒት በሴፕሲስ ሕሙማን ላይ ሲሞከር የተጠበቀውን ያህል ሕይወት ለምን አላዳነም? አንዱ ምክንያት ማዕበሉ የታሪኩ ግማሽ ብቻ መሆኑ ነው። ብዙ ሕሙማን የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያልፉና በኋላ ይሞታሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ በታተመ ጥናት በሴፕሲስ የሞቱ 40 ሰዎች ጣፊያና ሳንባ ብዙ ሳይቆይ ተመረመረ። የጣፊያቸው ሕዋሳት ሲነቃቁ የለቀቁት የመልእክተኛ ፕሮቲን መጠን በአብዛኛው ከንጽጽሩ 10 በመቶ እንኳ አልሞላም፤ የፒዲ-1 መስመርም በርትቶ ተገኝቷል። ቲ ሕዋሳቱ ግማሹ ሞተው፣ ግማሹ ፍሬን ይዟቸው ቆመዋል ማለት ነው። እንዲህ የደከመ ሰውነት ደግሞ ለአዲስ ኢንፌክሽን በሩ ክፍት ነው።

ፍሬኑን መልቀቅ በካንሰር ሕክምና ሠርቷል፤ ሆንጆና ጄምስ አሊሰን እ.ኤ.አ. በ2018 ለዚሁ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። በሴፕሲስ ላይ ግን እ.ኤ.አ. በ2019 የታተሙት ትንንሽ ሙከራዎች ያሳዩት መድኃኒቱን ሕሙማኑ እንደሚችሉት እንጂ ሞትን እንደሚቀንስ አይደለም። ችግሩ የጊዜ ነው፤ ማዕበሉ ሳይበርድ ፍሬን የሚለቅ በቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እንደሚለቅ ሾፌር ነው። ስለዚህ የበሽተኛው መከላከያ በየትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ በደም ምርመራ መለየት ከመድኃኒቱ መቅደም አለበት።

ለቦርደዴዋ እናት ዛሬ የሚያስፈልጋት ግን ይህ መድኃኒት አይደለም። ኢንፌክሽኑ በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት፣ የወረደው የደም ግፊት በደም ሥር በሚሰጥ ፈሳሽ በቶሎ ከታከመ ፍሬኑ እስኪነክስ የሚደርሰው ጉዳት ይቀንሳል። ትኩሳት፣ ፈጣን ትንፋሽና የንግግር መዘበራረቅ አንድ ላይ ሲታዩ «ይነጋልና እናያለን» ማለት አይገባም። የኬላው ሳይንስ የሚያስተምረን ትልቁ ቁም ነገር፣ ሰዓት ራሱ መድኃኒት መሆኑን ነው።