የሄፓታይተስ ቫይረሶችን ለማጥናት የሚያገለግሉ የሕዋስ መስመሮችና የጎንደር ደጋ

የሄፓታይተስ ቫይረሶችን በላብራቶሪ ማጥናት ለረዥም ዘመን አዳጋች ሆኖ የቆየው ቫይረሶቹ ከጉበት ውጭ በቀላሉ ስለማይራቡ ነው። ከሰው የተወሰደ ጤነኛ የጉበት ሕዋስም በማሳደጊያ ሳህን ላይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተፈጥሯዊ ጠባዩን ያጣል። ስለሆነም ተመራማሪዎች ያለማቋረጥ የሚከፋፈሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጉበት ዕጢ የተገኙ የሕዋስ መስመሮችን ይጠቀማሉ።

ከቀደምቶቹ አንዱ አፍሪካዊ ነው። ፒኤልሲ/ፒአርኤፍ/5 የተሰኘው መስመር እ.ኤ.አ. በ1976 በደቡብ አፍሪካ ይፋ የሆነ ሲሆን፣ መገኛው የአንድ ሞዛምቢካዊ ሕመምተኛ የጉበት ካንሰር ነው። ሕዋሱ የሄፓታይተስ ቢን የገጽ አንቲጅን ያመነጫል፤ ሙሉ ቫይረስ ግን አያመርትም። እ.ኤ.አ. በ2012 ኤንቲሲፒ የተባለው ፕሮቲን የቫይረሱ መግቢያ በር መሆኑ ሲታወቅ፣ ሄፕጂ2 የተባለውን መስመር የዚህን ፕሮቲን ዘረመል በመጨመር ለቫይረሱ ተጋላጭ ማድረግ ተቻለ።

ለኢትዮጵያ ዋናው ጥያቄ የዝርያ ጉዳይ ነው። ሄፓታይተስ ሲን በሕዋስ ውስጥ ለማባዛት ፈር የቀደዱት ሥራዎች በጄኖታይፕ 1ቢ (1999) እና 2ኤ (2005) ላይ የተመሠረቱ ሲሆኑ፣ በአገሪቱ በብዛት የሚገኘው ግን ጄኖታይፕ 4 ነው። አንድ መድኃኒት በአንዱ ዝርያ ላይ ያሳየው ውጤት በሌላው ላይ እንደሚደገም ያለ ሙከራ ማረጋገጥ አይቻልም። በሄፓታይተስ ኢ ረገድም የጎንደር ተወላጁ ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ኢትዮጵያ በወታደሮች መካከል ስለተከሰተ ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ1991 ጥናት አሳትመዋል። በዚያ ጊዜ ቫይረሱን በአስተማማኝ ሁኔታ የሚያሳድግ መስመር አልነበረም፤ ቆይቶ ለዚህ ተግባር ከዋሉት አንዱ ያው ፒኤልሲ/ፒአርኤፍ/5 ነው።

በጎንደር እንዲህ ያለ ሥራ ሲታቀድ ከፍታው ሊዘነጋ አይገባም። የሕዋስ ኢንኩቤተር በተለምዶ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድና 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ግን የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ከሦስት አራተኛው ብዙም አይበልጥም። መቶኛው ባይለወጥም በፈሳሹ ውስጥ የሚሟሟው ጋዝ ይቀንሳል፤ በባይካርቦኔት የሚጠበቀው የፈሳሹ ፒኤችም በ0.1 ገደማ ከፍ ይላል። ጋዙን ወደ 6.5 በመቶ ማሳደግ ልዩነቱን ያካክሳል። ወደ ደባርቅ በተወጣ ቁጥር ማስተካከያው ይጨምራል።

ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም መዘዙ ቀላል አይደለም፤ በፒኤች መዛባት የተዳከመ ሕዋስ በቫይረስ የተጎዳ መስሎ ሊታይ ይችላልና። ስለዚህ ተገቢው ቅደም ተከተል በቅድሚያ የታወቀ መስመር ያለ ቫይረስ አሳድጎ የፒኤቹንና የዕድገቱን መደበኛ ልክ መመዝገብ፣ ቀጥሎም ከአገር ውስጥ ሕሙማን የተገኘውን የቫይረስ ዘረመል ወደ መስመሩ ማስገባት ነው።