ማሰሮ በመሬት ቀብሮ የጓሮ አትክልትን ስለ ማጠጣት

በእንስራ ያደረ ውኃ ቀዝቃዛ መሆኑን የማያውቅ የአገራችን ሰው አይገኝም። የሚቀዘቅዝበት ምክንያት ግን ዘወትር አይታሰብም። በእሳት የተተኰሰ ሸክላ ዓይን የማያያቸው እጅግ ብዙ ቀዳዳዎች አሉት፤ ውኃው በእነዚህ ቀዳዳዎች ቀስ እያለ ወደ ውጭ ይወጣና እንስራው ያልበዋል፤ ላቡም በነፋስ ሲደርቅ የውስጡን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ይኸው ላብ በነፋስ ደርቆ ከሚቀር እንስራው በመሬት ቢቀበር የተክል ሥር ሊጠጣው ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው ጕዳይ ይህ ነው፤ ይኸውም በጥቂት ገንዘብና በጥቂት ውኃ፤ በበጋ ወራት ለቤተ ሰብ የሚሆን ጎመን፣ ቆስጣና ዱባ የሚበቅልበት መንገድ ነው።

ጕዳዩ ከጤና ጋር ስላለው ግንኙነት

የጤና መሥሪያ ቤት ስለ አትክልት ማጠጣት ምን አግብቶት ይጽፋል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሱ ቅርብ ነው። ሰውነታችን ለዓይን ብርሃንና በሽታን ለመከላከል ቪታሚን ኤ የተባለው ንጥረ ነገር ያስፈልገዋል። ቅጠላቸው ጠቆር ያለ አረንጓዴ የሆነ እንደ ጎመንና እንደ ቆስጣ ያሉ አትክልቶች፤ እንዲሁም ውስጡ ብርቱካንማ የሆነ ዱባ ይህን ይሰጣሉ፤ በጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ሲሠሩም ሰውነት ይበልጥ ይቀበለዋል። ይህ የጐደለበትን ሕፃን በመጀመሪያ ዳፍንት ይይዘዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ባልንጀሮቹ ሲሮጡ እርሱ ግድግዳ እየዳሰሰ ይሄዳል። በጊዜው ካልታከመ ዓይኑ ደርቆና ቈስሎ እስከ መታወር ያደርሰዋል፤ ኵፍኝና ተቅማጥም በእንዲህ ያለው ሕፃን ላይ ይበረታሉ። ስለዚህ ይህን ምልክት ያየ ወላጅ ወይም መምህር ልጁን ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰደው፤ ለነገው ደግሞ ጓሮውን ያስብበት።

በክረምት ጎመን በየጓሮው ሞልቶ ይተርፋል። ችግሩ የሚመጣው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ጓሮው ባዶውን የሚቀረው መሬት ጠፍቶ ሳይሆን ውኃ ጠፍቶ ነው። ፀሐይ በበረታበት ወቅት 4 ካሬ ሜትር የሆነ መደብ ከላይ ሲጠጣ በየቀኑ 20 ሊትር ያህል ውኃ ይፈልጋል። ይህም አንድ ጀሪካን ሙሉ፤ በክብደትም 20 ኪሎ ነው፤ የሚሸከመውም ብዙውን ጊዜ የእናት ወይም የሴት ልጅ ጀርባ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚታደልበት ከተማም ቢሆን ከሚጠጣውና ከሚታጠብበት ተርፎ ለጎመን የሚፈስ ብዙ የለም። ከፈሰሰውም ገሚሱ ሥር ሳይደርስ በፀሐይ ተኖ ይቀራል፤ ገሚሱም አረም ያሳድጋል።

ማሰሮው ሲቀበር ግን ውኃው የሚወጣው ከሥሩ አጠገብ ነው። ዐፈሩ ሲደርቅ ከሸክላው ውኃ ይስባል፤ ሲርስ መሳቡን ይቀንሳል። ከ5 እስከ 10 ሊትር የሚይዝ ማሰሮ እንደ ሸክላውና እንደ ዐፈሩ ዐይነት በቀን 1 ወይም 2 ሊትር ያህል ይሰጣል። በዚያው በ4 ካሬ ሜትር መደብ 4 ማሰሮ ቢቀበር የቀኑ ውኃ ከ4 እስከ 8 ሊትር ይሆናል ማለት ነው። ለአንድ ቀን ብቻ ይበቃ የነበረው ጀሪካን ከ2 ቀን ተኩል እስከ 5 ቀን ያገለግላል።

ጥበቡ አዲስ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው መቶ ዓመት የነበረው የቻይና የእርሻ ሊቅ ፋን ሸንግዢ፤ የሸክላ ዕቃ በመሬት ቀብሮ በዙሪያው ዘር መትከልን፤ አፉንም በክዳን መሸፈንን በመጽሐፉ አስተምሮ ነበር።

አሠራሩ

አንደኛ፤ ማሰሮውን መምረጥ። ሆዱ ሰፊ፣ አፉ ጠባብ፣ ምንም ያልተቀባና ያልተሟሸ ማሰሮ ከሸክላ ሠሪ ይገዛል። ጀሪካን ከመጣ ወዲህ በየጓዳው ሥራ ፈቶ የተቀመጠ አሮጌ እንስራም ካልተሰነጠቀ ያገለግላል፤ የአፉ ጠርዝ ቢሸረፍ አይጎዳም። የሸክላ የአበባ መትከያም ከሥሩ ያለው ቀዳዳ በሲሚንቶ ተደፍኖ ሊሠራበት ይችላል።

ሁለተኛ፤ መፈተን። ማሰሮውን ውኃ ሞልቶ በጥላ ሥር ማሳደር ነው። ሲነጋ ውጭው ላብ ይዞ ቢገኝ ደኅና ነው። ደረቅ ከሆነ ቀዳዳው ተደፍኗል፤ ውኃው እየተንጠባጠበ ካደረ ደግሞ ስንጥቅ አለው።

ሦስተኛ፤ መቅበር። የጕድጓዱ ስፋት የማሰሮውን ሆድ እጥፍ ይሁን። የወጣው ዐፈር ከበሰበሰ ፍግ ጋር ይደባለቅና ማሰሮው አፉ ከመሬት በላይ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ይህም ጎርፍና ዐፈር እንዳይገባበት ነው። ከዚያም ዐፈሩ በዙሪያው እየተመለሰ በእጅ ጠበቅ ጠበቅ ይደረጋል። በዐፈሩና በሸክላው መካከል ክፍተት ከቀረ ውኃው ወደ ተክሉ አይተላለፍም። ሁለት ማሰሮዎች የሚራራቁት አንድ ሜትር ያህል ነው፤ ዐፈሩ አሸዋማ ከሆነ ግን መቀራረብ አለባቸው።

አራተኛ፤ መትከል። ችግኙ ወይም ዘሩ ከማሰሮው አንድ ስንዝር ሳይርቅ በዙሪያው ይተከላል። ሥሩ እስኪይዝ ድረስ የመጀመሪያውን አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ከላይም ጥቂት ጥቂት ማጠጣት ያስፈልጋል። መሬቱን በገለባ ማልበስም እርጥበቱን ያቆይለታል።

አምስተኛ፤ መሙላት። ውኃው ከግማሽ በታች ከመውረዱ በፊት ይጨመራል። ዕንጨት ነክሮ በማየት መጠኑን ማወቅ ይቻላል። የደፈረሰ ውኃ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለል፤ ጭቃው የሸክላውን ቀዳዳ ይደፍናልና። የሳሙና ወይም የቅባት እጣቢም ፈጽሞ አይጨመርበት።

ከሸክላ ሠሪዋ የተማርሁት

ይህን ሥራ መጀመሪያ በቤቴ ስሞክር ውጤቱ አሳፋሪ ነበር። በባሕር ማዶ ትምህርቴ ውኃ በዐፈር ውስጥ ስለሚሄድበት ሥርዐት ብዙ ያነበብሁ ስለ ሆነ ከማንም አልጠየቅሁም። ከወጥ ቤታችን ሦስት ጥሩ ማሰሮዎች መርጬ ቀበርሁ፤ ዙሪያውንም ጎመን ተከልሁ። ጎመኑ በአሥር ቀን ጠወለገ፤ ውኃው ግን እንደ ሞላሁት ነበር። በገበያ የማውቃቸውን አንዲት አረጋዊት ሸክላ ሠሪ ሄጄ ብጠይቃቸው ሳቅ ብለው፤ «ልጄ፤ ያ ማሰሮ እኮ ወጥ እንዳያፈስ ተሟሽቶ ስንት ዘመን ቅባት ጠጥቷል፤ ለጎመንህ ምን ላብ ተረፈው?» አሉኝ። ወዲያውም ምንም ያልነካውን አዲስ ማሰሮ ሰጡኝ። ምጣድና ማሰሮ የሚሟሸው ቀዳዳው እንዲደፈን መሆኑን ከልጅነቴ ጀምሮ አይቼው ሳለሁ አላሰብሁትም ነበር። ሸክላ ሠሪዎቻችን ለረጅም ዘመን በሙያቸው ሲናቁ ኖረዋል፤ እኛ በመጽሐፍ የምንፈልገው ዕውቀት ግን በእጃቸው ይገኛል።

ክዳንና ንጽሕና

አሁን የምንናገረው ከሁሉ የሚበልጠውን ነው። ክዳን የሌለው የተቀበረ ማሰሮ የትንኝ ማራቢያ ነው። ቀድሞ የወባ ትንኝ የረግረግና የኩሬ ብቻ ትመስለን ነበር። ዛሬ ግን ስቴፈንሲ የተባለችው፤ ከእስያ የመጣችና በከተማ በውኃ ማጠራቀሚያ ዕቃ ውስጥ የምትራባ የወባ ትንኝ በአገራችን ገብታለች። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. በቀብሪ ደሃር ተገኘች፤ በ2022 ዓ.ም. በድሬዳዋ በበጋ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት ከሆኑት አንዷ እርሷ ናት። ስለዚህ እያንዳንዱ ማሰሮ በልኩ በተሠራ ክዳን፤ ወይም በአፉ ላይ ጥብቅ ተደርጎ በታሰረ ጨርቅና በላዩ በሚቀመጥ ጠፍጣፋ ደንጊያ ይዘጋ። ከእንቍላል እስከ መብረር ያለው የትንኝ ዕድገት በሞቃት አገር አንድ ሳምንት ያህል ሊወስድ ስለሚችል፤ ማሰሮው በየሳምንቱ ተከፍቶ ይታይ። በውስጡ የሚወራጩ ትሎች ከተገኙ ውኃው ተጨልፎ በደረቅ መሬት ላይ ይደፋ። ክዳኑ ልጆችንና ጫጩቶችንም ከአደጋ ይጠብቃል።

ሌላም ጥቅም አለ። ከላይ የሚፈስ ውኃ ዐፈሩን እያፈናጠረ በቅጠሉ ላይ ይለጥፋል፤ በዐፈሩም ውስጥ የወስፋት ዕንቍላል ሊኖር ይችላል። ከማሰሮ የሚጠጣ ተክል ግን ቅጠሉ አይረጥብም። ይህ ማለት ግን ሳይታጠብ ይበላ ማለት አይደለም፤ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ ይቀቀል። የከተማ ቆሻሻ የሚፈስበት ወንዝ ውኃም በማሰሮ ቢሆን ለአትክልት አይገባም።

ለመምህራን

ይህ ሥራ ለትምህርት ቤት እጅግ የተመቸ ነው። እኩል የሆኑ ሁለት መደቦች ይዘጋጁ፤ አንዱ በማሰሮ፤ ሁለተኛው በእጅ ይጠጣ። ተማሪዎቹ የሚጨምሩትን ውኃ በሊትር እየለኩ፤ የተለቀመውንም ጎመን እየመዘኑ በደብተር ይጻፉ። ሒሳቡንም፣ ሳይንሱንም፣ ንጽሕናውንም በአንድነት ይማሩበታል፤ ያዩትንም ለእናቶቻቸው ይነግራሉ።

ብዙ ማዘጋጀት አያስፈልግም፤ አንድ ማሰሮ ቀብሮ መጀመር ይበቃል። በበጋ መካከል ከጓሮ የተቀጠፈ ጎመን በሕፃናት ገበታ ላይ ከቀረበ፤ አንድ ጀሪካንም ከአንዲት ልጅ ጀርባ ላይ ከወረደ፤ የማሰሮው ዋጋ ተመለሰ ማለት ነው። ክዳኑ ግን አይረሳ።