ፋይሉን የሚከፍተው ሰርቨሩ ነው

በብዙ መሥሪያ ቤት አንድ የቆየ የአክሰስ ፋይል አይጠፋም። ከዓመታት በፊት አንድ ትጉህ ሠራተኛ ለንብረት ምዝገባ ወይም ለደንበኞች ዝርዝር ያዘጋጀው ነው። ኋላ ቤቱ ኤስኪውኤል ሰርቨር ያስገባል፤ አሮጌው መዝገብ ግን ገና ሥራ ላይ ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው «ሊንክድ ሰርቨር» ይባላል። በእሱ በኩል ሰርቨሩ የአክሰሱን ሠንጠረዥ የራሱ ይመስል ይጠይቃል፤ በግንኙነቱና በሠንጠረዡ ስም መካከል ሦስት ነጥብ መጻፍ ብቻ ነው።

ግንኙነቱን መፍጠር የደቂቃዎች ሥራ ነው። ብዙ ሰው የሚንገላታው ከዚያ በኋላ ነው፤ በራሱ ኮምፒውተር ያለ ችግር የሚከፈተው ፋይል በሰርቨሩ በኩል እምቢ ይላል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ፋይሉን የሚከፍተው ሰርቨሩ ነው፣ እርስዎ አይደሉም። «ሲ ድራይቭ» ብለው ሲጽፉ የሚፈልገው በራሱ ሲ ድራይቭ ላይ ነው። በእርስዎ ስክሪን «ዜድ» ተብሎ የሚታየውን የጋራ ፎልደርም አያውቀውም፤ ያ ፊደል የተሰጠው ለእርስዎ መግቢያ ብቻ ነው። ፋይሉ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ካለ የዚያን ኮምፒውተር ስም የያዘውን ሙሉ የኔትወርክ አድራሻ ይጻፉ። ፈቃዱንም አይርሱ። በኤስኪውኤል የይለፍ ቃል ሲገቡ ፋይሉ የሚከፈተው ሰርቨሩ በሚሠራበት የዊንዶውስ አካውንት ስም ነው። ያ አካውንት ፎልደሩ ላይ የመጻፍ ፈቃድም ይኑረው፤ አክሰስ ፋይል ሲከፈት ከጎኑ ትንሽ የመቆለፊያ ፋይል ይፈጠራልና።

ሌላው እንቅፋት በአክሰስና በሰርቨሩ መካከል የሚያስተረጉመው ፕሮቫይደር ነው። አሮጌው ጄት 4.0 ባለ 32 ቢት ብቻ ነው፤ ኤስኪውኤል ሰርቨር ደግሞ ከ2016ቱ እትም ጀምሮ የሚወጣው በ64 ቢት ብቻ ነው። ስለዚህ ባለ 64 ቢቱ የአክሰስ ዳታቤዝ ኤንጂን እዚያው ሰርቨሩ ላይ መጫን አለበት።

ለእኛ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። የአማርኛ ጽሑፍ የሚያርፍበት ዓምድ የዩኒኮድ ካልሆነ ስሙ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀራል። መዝገቡ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግእዝ ፎንቶች ተጽፎ ከሆነም የሚመጣው የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ነው፤ አስቀድሞ መቀየር ይኖርበታል።

በእኔ እምነት ይህ ግንኙነት መሻገሪያ እንጂ መኖሪያ አይደለም። ማይክሮሶፍት ራሱ ኤንጂኑ ለሰርቨር አገልግሎት እንዳልተሠራ ይናገራል፤ አንድ የአክሰስ ፋይልም ከ2 ጊጋባይት በላይ አይይዝም። መረጃውን አንድ ጊዜ ወደ ሰርቨሩ ያዛውሩና ግንኙነቱን ይዝጉት። ከመጀመርዎ በፊት ግን የፋይሉን ቅጂ ሌላ ቦታ ያስቀምጡ።